ለብሉዝ ሮክ ቲዩብ አምፕ የምትመርጡ፣ ክሊኑን ስሙ
ብሉዝ ሮክ የምትጫወቱና ድምፃችሁን በፔዳል (በእግር በሚረገጥ የድምፅ መቀየሪያ) የምታወፍሩ ከሆነ፣ ቲዩብ አምፕ (በቫክዩም ቲዩብ የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ) ስትመርጡ መጀመሪያ መስማት ያለባችሁ ዲስቶርሽኑን (የተሰነጠቀውን ድምፅ) ሳይሆን ክሊኑን (ያልተሰነጠቀውን ንጹህ ድምፅ) ነው። ጊታሩን ያለ ምንም ፔዳል ሰኩና ቮሊዩሙን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ድምፁ መሰንጠቅ የሚጀምረው የት ላይ ነው? ቶሎ ከተሰነጠቀ፣ ኦቨርድራይቭ (ድምፁን በለዘብታ የሚሰነጥቅ ፔዳል) ስትጨምሩበት ድምፁ ከፍ ከማለት ይልቅ ይታፈናል፤ ፈዝ (ድምፁን ይበልጥ የሚያሻክር ፔዳል) ከሆነማ ጭራሽ ይጨማለቃል።

በዋት ብዛት አትሸወዱ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 30 ዋት የ15 ዋት እጥፍ አይጮኽም፤ የምታገኙት ትንሽ ተጨማሪ ክሊን ነው። ለቤት 5 ዋትም ከበቂ በላይ ነው። ከበሮ ካለበት ባንድ ጋር ከሆነ ግን እኔ ከ15 እስከ 22 ዋት ያለውን፣ ባለ 12 ኢንች ስፒከሩን እመርጣለሁ። ለምሳሌ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ 22 ዋት ነው፤ ሚዱ (መካከለኛው የድምፅ ክልል) ጎደል ያለ ስለሆነ፣ ሚድ ከፍ የሚያደርገው ቲዩብ ስክሪመር የተባለው የኦቨርድራይቭ ፔዳል ክፍተቱን ይሞላለታል፣ ሁለቱ በጣም የሚዋደዱትም ለዚህ ነው። ሚዱ የበዛ አምፕ ላይ ግን ያው ፔዳል ሊያስጠላችሁ ይችላል።

ኢፌክት ሉፕ (አምፑ ዲስቶርሽኑን ከፈጠረ በኋላ ፔዳል የሚሰካበት መውጫና መግቢያ) የሚያስፈልጋችሁ ዲስቶርሽኑን ከአምፑ ከወሰዳችሁና ዲሌይ (ድምፁን ደግሞ የሚያስተጋባ ኢፌክት) ከጨመራችሁ ነው። ካልሆነ ይለፋችሁ።

ለሙከራ የራሳችሁን ጊታርና ፔዳሎች ይዛችሁ ሂዱ። እና አደራ፣ ስፒከሩ ሳይሰካ አምፑን አታብሩ፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።