ጥቅሱ ለምን ተለያየ? የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉሞችን ማመሳከሪያ መንገድ

ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ሁለት የቁርኣን ትርጉሞች አንዱን ጥቅስ ለየቅል ሲያነቡት ብዙ ሰው ወዲያው «ማን አበላሸው?» ይላል። ልዩነቱ ግን ከቁጥር አቆጣጠር፣ ከመነሻ ጽሑፍ ወይም ከቃል ፍቺ ሊመጣ ይችላል። ፍተሻውም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይሻላል፤ ከቃሉ የጀመረ ሰው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን ሲያነጻጽር ሊውል ይችላል።

በመጀመሪያ ጥቅሶቹ በእርግጥ አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በብዛት የሚያሳስተው መዝሙረ ዳዊት ነው። የዕብራይስጡን 9ኛና 10ኛ መዝሙር ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም (ከዚህ በኋላ «ግሪኩ») አንድ አድርጎ ስለቆጠረ፣ ከ11 እስከ 113 እና ከ117 እስከ 146 ባሉት ከዕብራይስጡ ቁጥር አንድ ይቀነሳል። ግሪኩን የተከተለው ግዕዝም እንዲሁ ነው፤ «ተሣሃለኒ» በግዕዙ 50፣ በዕብራይስጡ 51 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በመካከል ያሉት 114 እና 115 በግሪኩ 113 ላይ ይገጣጠማሉ፤ 116 ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ዕብራይስጡ 147ን ግሪኩ 146 እና 147 አድርጎ ስለሚከፍለው ከ148 ጀምሮ ቁጥሩ እንደገና ይገናኛል። የመዝሙሩ ርእስ በዕብራይስጥ እትሞች እንደ ቁጥር ሊቆጠር እንደሚችልም አይርሱ፤ የመዝሙር 51 ርእስ ሁለት ቁጥር ይወስዳልና ጸሎቱ የሚጀምረው ከቁጥር 3 ነው። ትንቢተ ሚልክያስም በዕብራይስጡ 3 ምዕራፍ ሲሆን በብዙ ትርጉሞች 4 ነው።

ቁርኣን ላይ ሱራዎቹ (ምዕራፎቹ) ምንጊዜም 114 ናቸው፤ የሚለያየው የአንቀጾቹ አቆጣጠር ነው። ቁርኣን በትውፊት ከሚነበብባቸው መንገዶች አንዱ በሆነው በሐፍስ ንባብ በታተሙት እትሞች ጠቅላላው 6236 ሲሆን የፋቲሓ፣ የመጀመሪያው ሱራ፣ «ቢስሚላህ» አንቀጽ 1 ነው። በሌላው፣ በወርሽ ንባብ፣ ግን ከቁጥር ውጭ ይሆንና የመጨረሻው አንቀጽ ለሁለት ተከፍሎ ሰባት ይሞላል።

ቁጥሩ ከተስተካከለ ቀጥሎ የመጽሐፉን መቅድም ያንብቡ። ይህ ክፍል ሲታለፍ ይታያል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የሚፈለገው ብሉይ ኪዳን ከዕብራይስጥ ነው ወይስ ከግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም የተተረጎመው የሚለው ነው። የሰባ ሊቃናት ሥራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ ተጀመረ። ማሶራውያን የሚባሉት የአይሁድ ሊቃውንት አናባቢ ምልክት ካደረጉባቸው የዕብራይስጥ ብራናዎች መካከል ሙሉ ሆኖ የቆየው ቀዳሚው ደግሞ በ1008 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ከእጃችን ካለው ሙሉ የዕብራይስጥ ብራና የሚቀድም ንባብ ሊይዝ ይችላል። ቀዳሚ ሁሉ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክን ከወሰድን ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን ቢገኙም ሙሉውን ለሚተረጉም ሰው መነሻው የግዕዙ ትርጉም ራሱ ነው።

በእጅዎ ያለው ትርጉም የትኛውን እንደተከተለ ለማወቅ ሁለት ቦታ ይክፈቱ። አንደኛው ዘፍጥረት 4፥8 ነው። በማሶራውያኑ ዕብራይስጥ ቃየን አቤልን «አለው» ይልና ያለው ነገር አይጻፍም። «ወደ ሜዳ እንሂድ» የሚለው በግሪኩ፣ በሳምራውያን ኦሪት፣ በሱርስቱና በላቲኑ ይገኛል። ሁለተኛው ዘፍጥረት 5፥3 ነው፤ አዳም ልጁን ሤትን ሲወልድ ዕድሜው በዕብራይስጡ 130፣ በግሪኩ 230 ነው። ሁለቱ ፍንጮች እርስ በርስ ካልተስማሙ ተርጓሚዎቹ ምንጭ ቀላቅለዋል ማለት ነውና የግርጌ ማስታወሻውን መመልከት ግድ ይሆናል።

ለሐዲስ ኪዳን ጥሩ መፈተኛ 1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ነው። በሰማይ ስለሚመሰክሩት ሦስቱ የሚናገረው ሐረግ በጥንታዊዎቹ የግሪክ ብራናዎች የለም፤ በላቲኑ በኩል የመጣ ነው። የሐዲስ ኪዳንን የግሪክ ጽሑፍ ያሳተመው ሊቅ ኢራስመስ በ1516 እና በ1519 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው የግሪክ እትሞች ትቶት በ1522 ጨመረው። ሐረጉ በትርጉሙ ውስጥ ካለ ተርጓሚዎቹ የተከተሉት ያንን የኅትመት መስመር ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

ቁጥሩም ምንጩም አንድ ሆኖ ልዩነቱ ከቀጠለ ብቻ ወደ ቃሉ ይሂዱ። በኢሳይያስ 7፥14 ዕብራይስጡ «ዐልማ» ይላል፤ ለጋብቻ የደረሰች ወጣት ሴት ማለት ነው። ግሪኩ «ፓርቴኖስ»፣ ድንግል፣ ብሎ ተረጎመው፤ ማቴዎስ 1፥23 የሚጠቅሰውም ይህንኑ ነው። በዘጸአት 34፥29 የሙሴ ፊት «ቃራን» ተብሏል። ሥሩ በግዕዝም የምናውቀው ቀርን፣ ቀንድ፣ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ጄሮም «ቀንድ አወጣ» ብሎ ስለተረጎመው በአውሮፓ ሥዕልና ሐውልት ሙሴ ቀንዳም ሆኖ ቀረ። ሌሎች «አበራ» አሉ። በሐፍስ አቆጣጠር የፋቲሓው አንቀጽ 4 የሆነው ደግሞ በዚያው ንባብ «ማሊክ»፣ ባለቤት፣ ሲሆን በወርሽ «መሊክ»፣ ንጉሥ፣ ነው። ይህ የተርጓሚ ሳይሆን የንባብ ልዩነት ነው። በቁርኣን ትርጉሞች በቅንፍ የገባውን ቃል ግን ከዐረብኛው ጋር አያቆጣጥሩት፤ ተርጓሚው ለማብራራት ያስገባው ነው።

የቋንቋዎቹ ዝምድና ለአማርኛ አንባቢ ያግዛል፤ ያታልላልም። «ሌሔም» በዕብራይስጥ እንጀራ ነው፤ «ለሕም» በዐረብኛ ሥጋ። ስለዚህ ሥሩን ካገኙ በኋላ ትርጉሙን በራሱ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይፈትሹ። ማስታወሻ ሲይዙም ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ አ እና ዐን አያቀላቅሉ። በአማርኛ ድምፃቸው ቢገጥምም በዐረብኛ «ኀለቀ» ፈጠረ፣ «ሐለቀ» ጸጉር ላጨ ነው።