የሞተር ሳይክል ሊትየም ባትሪ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

እዚህ ደሴ ሊትየም ባትሪ አስገጥመው የተመለሱ ደንበኞቼ ስሞታ ተመሳሳይ ነው፦ «ባትሪው ከዳኝ።» ስለካው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። የአሲድ ባትሪ ችሎ ያሳለፈውን የሞተሩን ችግር ሊትየም አይችልም። ስለዚህ ባትሪውን ከመርገማችሁ በፊት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዙ። የቴስተሩ የራሱ ባትሪ ከደከመ ቮልቱን አብዝቶ ያሳያልና መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

ለሞተር የሚሸጠው በብዛት ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሆኑ 4 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው 12.8 ይሰጣሉ። ሞልቶ ሲያርፍ 13.3 አካባቢ ያነባል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ 12.8 የሚያነብ የአሲድ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12.8 የሚያነብ ሊትየም ግን ሊያልቅ ተቃርቧል።

ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እምቢ ይላል፣ ረፋዱ ላይ ይሠራል

ይህ የደጋ ችግር ነው። ሊትየም ሲበርደው ጉልበቱ ውስጡ እያለ ቶሎ አይወጣለትም። ባለፈው ታህሳስ ከጉጉፍቱ የመጡ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይህን ወስደህ የድሮውን ስጠኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት የፊት መብራቱን አብርተው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። እምቢ ካለ እመልስልዎታለሁ» አልኳቸው። በማግስቱ ደውለው መረቁኝ። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ መብራቱ የሚስበው ኤሌክትሪክ ሴሎቹን ከውስጥ ያሞቃቸዋል። የአሲድ ባትሪን ግን እንዲህ ብናደርገው ያደክመው ነበር፤ ለዚህ ነው ሰው ለማመን የሚቸገረው። የፊት መብራቱ ሞተሩ ሳይነሳ የማይበራ ከሆነ ስታርቱን ሦስት አራት ሰከንድ ነክታችሁ አሳርፉት፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ይበረታል።

ውርጭ ላይ ያደረ ባትሪ ግን በቀጥታ ቻርጀር ላይ አይሰካም። ከ0 ዲግሪ በታች እያለ ከተሞላ ሴሉ ላይድን ይጎዳል። ቤት አስገቡት፣ ይሙቅ፣ ከዚያ ሙሉት።

ባትሪው ይግላል፣ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው፤ መንስኤው ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልት የሚመጥነው ሬጉሌተር ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ ነዳጁን ከፍ አድርጋችሁ ባትሪው ጫፍ ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ካነበበ ጥሩ ነው። ከ14.8 ካለፈ አትንዱት። ባትሪው ውስጥ መቆጣጠሪያ ካለው ራሱን ለማዳን ይዘጋል፤ ያኔ ዲናሞው የሚያመነጨው ማረፊያ ስለሚያጣ ቮልቱ ይዘላል፣ አምፖሉም የሻማውን እሳት የሚመራው ሲዲአዩም ይቃጠላል። መቆጣጠሪያ የሌለው ደግሞ ያብጣል።

ሬጉሌተሩን ከመቀየራችሁ በፊት የማሳ ገመዱን (ከኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደውን) እዩ። ዝጎ ወይም ላልቶ ከሆነ ሬጉሌተሩ የባትሪውን ትክክለኛ ቮልት አያይም፣ አብዝቶ ይልካል። ጥረጉት፣ አጥብቁት፣ እንደገና ለኩ። ለውጥ ከሌለ ሬጉሌተሩ ይቀየር። ባትሪ የሚገጥምላችሁ ሰው ይህን ሳይለካ ከገጠመ ሥራውን አልጨረሰም፤ ገንዘብ ሳትከፍሉ «ለካልኝ» በሉት።

በተቃራኒው ከ13.4 በታች ካነበበ ባትሪው አይሞላም። የሬጉሌተሩን ሶኬት ንቀሉና ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ፒን ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ልኬቱ ጥሩ ሆኖ ከሸዋ በር ፒያሳ ብቻ የሚመላለስ ሞተር ከሆነም ለእያንዳንዱ ስታርት ያወጣውን ለመመለስ ጊዜ ያጣል። ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ይበቃዋል።

ሳምንት ቆሞ 0 ቮልት ያነባል

አልሞተም ይሆናል። ኃይሉ ከመጠን በታች ሲወርድ መቆጣጠሪያው በሩን ዘግቶት ነው። የተዘጋ ባትሪ የሚቀሰቅስ ማንቂያ ያለው የሊትየም ቻርጀር ካለ ሰክታችሁ ጠብቁ፤ ብዙው ይነቃል። ከዚያ ሌባውን ፈልጉ፦ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ በኋላ የተቀጠለ የስልክ ቻርጀር። 20 ሚሊ አምፒር ብቻ የሚስብ ዕቃ በቀን ወደ ግማሽ አምፒር ሰዓት ይጠጣል፤ የ4 አምፒር ሰዓት ባትሪ በ8 ቀን ያልቃል።

«የእኔ እኮ 12 አምፒር ሰዓት ነው የሚለው» ትሉ ይሆናል። አንዳንድ አምራች የሚጽፈው ቁጥር በአሲድ ባትሪ ሲተመን እንጂ ትክክለኛው መጠን አይደለም። ዋት ሰዓቱን አንብቡና ለ12.8 አካፍሉት። 48 ዋት ሰዓት የሚል ባትሪ 3.75 አምፒር ሰዓት ነው። አላርም ያለው ሰው ትልቁን ይግዛ፤ ሞተሩ ወር የሚቆም ከሆነ ደግሞ ኔጋቲቩን ፈትቶ ይተወው።

ስታርት ሲነካ «ጠቅ» ብሎ ሁሉም ይጠፋል

የላላ ጫፍ ነው። ሊትየሙ ከድሮው ስለሚያንስ ሳጥኑ ውስጥ ይዋልላል፤ ኮረኮንች ላይ ቡሎኑ ይላላል። ዙሪያውን በስፖንጅ ጠቅጥቁ። ስትፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድሙ፣ ስትገጥሙ ፖዚቲቩን። ፖዚቲቩ በየትኛው በኩል እንዳለ ሳታዩ አትግዙ፤ ገመዱ አልደርስ ብሎ የተወጠረ ከሆነ ይቆረጣል።

ባትሪ ሞይ ጋ ወስጄው ባሰበት

የቆየው ትራንስፎርመር ቻርጀር ሲሞላ አያቆምም፤ ከ15 ቮልት ያልፋል። የአሲድ ባትሪ «ማደሻ» ያለው ዘመናዊ ቻርጀርም ማደሻው ካልጠፋ ያው ነው። 14.4 ወይም 14.6 ላይ የሚያቆም ይሁን። ውሃም አሲድም አይጨመርበትም።

ጎኑ አብጧል

አትብሱት፣ አትሙሉት፣ «ትንሽ ልሞክረው» አትበሉ። ፈትታችሁ ከቤት ውጭ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቆ፣ ጠጣር መሬት ላይ አኑሩት። አዲስ የምትገዙት ሬጉሌተሩ ከተለካ በኋላ ነው።