የዕፅዋት መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ፎቶ አንሱት
የቅጠል ሻይ ወይም የሥር መድኃኒት ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የታሸገ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍም ጭምር። የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ከመድኃኒቱም ጥቂት አስቀሩ።

እንደ ኮምፍሪ ያሉ አንዳንድ ተክሎች ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ አላቸው። ጉበት ውስጥ ያሉትን ትናንሽ የደም ሥሮች ይዘጋል። “አፍልቼዋለሁ” ብላችሁ አትተማመኑ። ጉዳቱ አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ ስለሚታይ ሰው የጠጣውን ይረሳል፣ ሐኪሙም መነሻው ይጠፋበታል። ያኔ ፎቶው ትልቅ ፍንጭ ነው።

ፎቶው መርዙን አያስቀርም ታዲያ። ኮምፍሪ መሆኑን ካወቃችሁ ጭራሽ አትጠጡት። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ሆድ ከተነፋ መጠጣቱን አቁሙና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።