የጭራው ስክሩ ኤዲ ሲደርሳችሁ

ኤዲ የተባለው ትእዛዝ የመጣ ቀን ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) ውስጥ ሁሉም መፍቻ ፍለጋ ይሯሯጣል። እኔ ወንበር ስቤ ማንበብ እጀምራለሁ። ኤዲ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የሚያወጣው አስገዳጅ የጥገና ትእዛዝ ነው። የተሰጠው ቀን ወይም የበረራ ሰዓት ካለፈ አውሮፕላኑ አይነሳም።

መጀመሪያ የዕቃውን ፓርት ነምበርና ሲሪያል ነምበር አመሳክሩ። መዝገብ አትመኑ፤ ባትሪ ይዛችሁ ወጥታችሁ ታርጋውን አንብቡ። አንዴ መዝገቡ ሌላ፣ የተገጠመው ሌላ ሆኖብኝ ግማሽ ቀን ፋይል ስገለብጥ ውያለሁ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2000 የአላስካ ኤርላይንስ በረራ 261 ካሊፎርኒያ አጠገብ ውቅያኖስ ውስጥ ወድቆ 88 ሰው አለቀ። አውሮፕላኑ ኤምዲ-83 ነበር። አግድም ጭራውን የሚያንቀሳቅሰው ረጅም ስክሩ ቅባት አጥቶ ስክሩ የሚሽከረከርበት ዳዶ፣ የነቱ ጥርስ ተበልቶ አልቋል። ነቱ ከስክሩ ለስላሳ ስለሆነ የሚበላው እሱ ነው። ያኔ በወጣው ኤዲ ስክሩ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲፈተሽ ታዘዘ።

ቅባቱን ስትቀቡ አሮጌውን ጥረጉና በሁለት ጣታችሁ አሹት። የብረት ብናኝ ከቆረቆራችሁ ሥራው እዚያ ይቁም፤ አለቃችሁን ጥሩ። ንጹሕ ከሆነ አዲሱ ከነቱ አናት እስኪወጣ በፓምፕ ግፉ፣ ስክሩን በብሩሽ ቀቡ፣ ከዚያ ትሪሙን፣ ማለትም አግድም ጭራውን የሚያንቀሳቅሰውን ሥርዓት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግማችሁ አስኪዱ። ሁለት ዓይነት ቅባት አትቀላቅሉ። የአደጋው መርማሪዎች ይህ በአግባቡ ከተሠራ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል ብለዋል። የአደጋውን አውሮፕላን መጨረሻ የቀባው ሜካኒክ አንድ ሰዓት ያህል እንደፈጀበት ነው የተናገረው።

በስክሩና በነቱ መሃል ያለው ፕሌይ (ልቅነት) ከ0.040 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ማለፍ የለበትም። ያ የወደቀው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲለካ ልክ 0.040 ሆኖ ነቱ ይቀየር ተብሎ ነበር። ቀጣዩ ፈረቃ ደግሞ ለክቶ 0.033 አገኘና ተወው። ሁለት ልኬት ሲለያይባችሁ የሚመቻችሁን አትምረጡ፤ መሣሪያው ይፈተሽ።

ሎግቡክ (የአውሮፕላኑ የጥገና መዝገብ) ላይ የኤዲውን ቁጥር፣ ልኬቱን፣ የቅባቱን ዓይነት፣ የበረራ ሰዓቱንና ቀጣዩን ጊዜ ጻፉ። ከመፈረማችሁ በፊት ሥራውን ያልነካ ሰው ጭራው በትክክለኛው አቅጣጫ መሄዱን ለማየት ሥሩ ይቁም። ከኮክፒት «አፍንጫ ወደ ላይ» ሲታዘዝ የአግድም ጭራው የፊት ጠርዝ ወደ ታች ነው የሚወርደው። እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ «ተገልብጧል!» ብዬ ጮኼ ፈረቃውን ሙሉ አስቁሜያለሁ።