ዘይት ከፈናጠረባችሁ መጀመሪያ ውሃ፣ ኮልጌት አይደለም

ሀዋሳ ላይ አሳ የምትጠብሱ ልጆች፣ አሞራ ገደል አሳ ገበያም ሁኑ ሆቴል ኪችን፣ እኔ ከቢላ በላይ የምፈራላችሁ ዘይቱን ነው። አሳው ታጥቦ ሳይንጠፈጠፍ እርጥቡን ሲገባ ውሃው ወዲያው ይተንና ዘይቱን ይዞት ይወጣል፣ ፊትና ክንድ የሚቃጠለው እንደዛ ነው። ስለዚህ በደንብ አንጠፍጥፉት፣ በንጹህ ጨርቅ አድርቁት፣ ስትከቱት ከናንተ ወደ ውጪ አጋድሙት፣ መጥበሻውንም ከግማሽ በላይ ዘይት አትሙሉት።

ከተቃጠላችሁ ግን ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ ቶሎ አውልቁና ቧንቧ ስር 20 ደቂቃ ያዙት። ኦርደር ተደርድሮ ሼፉ ቢጮህም 20 ደቂቃ ነው፣ ሼፎችም እባካችሁ ልጁን አታጣድፉት። ውሃ ለሚጠፋበት ቀን ንጹህ ውሃ በጀሪካን አስቀምጡና በጆግ እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዙት፣ ዘግይታችሁ ብትደርሱ እንኳን ከተቃጠላችሁ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ይጠቅማል። በረዶ አይሆንም፣ ኮልጌት ቅቤ እንቁላል የቡና ዱቄት ምናምን ደግሞ ሙቀቱን እዛው ያፍነዋል ቁስሉንም ያመረቅዘዋል፣ ሀኪም ጋ ስትሄዱ ያንን ከቁስል ላይ መፋቅ ራሱ ሌላ ስቃይ ነው። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፣ ምግብ በምንሸፍንበት ንጹህ ስስ ፕላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ፊት፣ እጅ ወይ መገጣጠሚያ ከሆነ፣ ከመዳፋችሁ ከሰፋ ወይ ቆዳው ከነጣ ሀኪም ቤት ሂዱ፣ ያልፋል ብላችሁ እንዳትተኙበት።

ዘይቱ እሳት ከያዘ ደግሞ ውሃ እንዳትደፉበት! ጋዙን ዝጉ፣ በብረት ክዳን ክደኑት፣ ይዛችሁት አትሩጡ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚተወው ነገር ደሞዝ ነው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት ስራ ላይ ተጎድታችሁ መስራት ካልቻላችሁ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዩን 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዛ በኋላ ያለውን 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላችኋል፣ የህክምናውም ወጪ በአሰሪው ነው። የጽሁፍ ውል የለኝም ብላችሁ አትተዉት፣ በቃል የተቀጠረም ሰራተኛ ነው። በዛው ቀን ለአለቃችሁ ንገሩ፣ ቁስሉን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ አብሯችሁ የነበረ ማን እንዳየ ጻፉ፣ የሀኪም ቤቱን ደረሰኝ ኦሪጅናሉን ለራሳችሁ አስቀሩና ለአሰሪው ኮፒውን ስጡ።