ዳቦ ሆድዎን ይነፋዎታል? ስንዴ ከማቆምዎ በፊት እንዲህ ያጣሩ

ዳቦ በበሉ ቁጥር ሆድዎ እንደ ከበሮ ይወጠራል እንበል። ወዳጅ ዘመድ «ስንዴ ይተዉ፣ እኔ ትቼ ተገላግያለሁ» ይልዎታል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ጣጣው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ስንዴ ከማቆምዎ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

1. ስንዴ እየበሉ ይመርመሩ

ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለ። ሰውነት በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ባለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሰበብ የገዛ ትንሹን አንጀቱን ያጠቃል። ከ100 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። መኖሩ የሚጠረጠረው በደም ውስጥ በሚገኝ አንቲቦዲ (ሰውነት ለመከላከል በሚያመርተው ፕሮቲን) ነው። ስንዴ ካቆሙ ግን አንቲቦዲው እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንጀትም ማገገም ይጀምራል። በሽታው እያለ ውጤቱ «ነጻ ነዎት» ሊል ይችላል። ያኔ ሐኪሙ «ለተወሰኑ ሳምንታት ስንዴ በልተው ይመለሱ» ሊልዎ ነው። ከተገላገሉት ሕመም ጋር በገዛ እጅ መታረቅ ማን ይወዳል?

የደም ምርመራው ቲቲጂ አይጂኤ ይባላል። ጠቅላላ አይጂኤም አብሮ እንዲታይ ይጠይቁ። አይጂኤ የአንቲቦዲ ዓይነት ነው፤ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ስለሚያንሰው ምርመራው ሊሸወድ ይችላል። አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰዳል።

2. አለርጂ አለመሆኑን ያረጋግጡ

ስንዴ በበሉ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሰውነትዎ ሽፍ የሚል፣ ከንፈርዎ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ሙከራ የለም፤ ወደ ሐኪም ነው። ትንፋሽ ካጠረማ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስና ሰገራ ላይ ደም ማየትም ለሐኪም የሚነገሩ ናቸው።

3. ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ

የበሉትን፣ ሰዓቱን፣ የተሰማዎትን። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡት። «ትንሽ አመመኝ» የሚል ጽሑፍ በኋላ ለማወዳደር አይመችም።

4. ለስድስት ሳምንት ያቁሙ

ሁለቱም በሽታዎች ከሌሉ አሁን ማቆም ይቻላል። መመዝገቡ ይቀጥላል። ሶያ ሶስ ውስጥ እንኳ ስንዴ ስለሚገባ የማሸጊያ ጽሑፍ ያንብቡ። ነጥቡ ቢያንስ በሲሶ ካልቀነሰ ስንዴን ይማሩት፤ ጥፋተኛው ሌላ ነው።

5. ሳያውቁ መልሰው ይብሉት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ስንዴ መብላቱን የሚያውቅ ሰው ሆዱን ሲያዳምጥ ይውላል፤ ያዳመጡት ሆድ ደግሞ አንድ ነገር ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የቤት ሰው ያስቸግሩ። የስንዴ ዳቦና ከግሉተን ነጻ ዳቦ ያድርቅና ለየብቻ ይፍጭ፤ በሁለት ተመሳሳይ ዕቃ ያድርግና «ሀ» እና «ለ» ብሎ ይጻፍባቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አይንገርዎት። እሱ ራሱ በየቀኑ ወፍራም ሾርባ ውስጥ ይጨምርልዎት፤ ጣዕሙም መልኩም ይደበቃል። አንድ ሳምንት «ሀ»፣ አንድ ሳምንት እረፍት፣ አንድ ሳምንት «ለ»። ምስጢሩ የሚገለጠው ነጥቡ ተደምሮ ካለቀ በኋላ ነው።

6. ስንዴው ጥፋተኛ ቢሆንም ግሉተን ላይ ብቻ አይፍረዱ

እ.ኤ.አ. በ2018 የኦስሎ ተመራማሪዎች ሴሊያክ ሳይኖርባቸው ከግሉተን የራቁ 59 ሰዎችን ፈተኑ። ለ7 ቀን ግሉተን ያለበት፣ ለ7 ቀን ፍሩክታን ያለበት፣ ለ7 ቀን ሁለቱም የሌሉበት ባር (እንደ ብስኩት ያለ ምግብ) አበሏቸው። የትኛውን እንደበሉ አያውቁም። ሆዳቸውን ይበልጥ የረበሸው ፍሩክታን ሆነ። ግሉተኑ ከባዶው ባር ብዙም አልተለየም። ፍሩክታን ስንዴ ውስጥ ያለ የካርቦሃይድሬት ዓይነት ነው፤ ትንሹ አንጀት ስለማይፈጨው ትልቁ አንጀት ደርሶ ይብላላል፣ ጋዝ ይሆናል።

ፍሩክታን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥም ሞልቷል። መዝገብዎን ይዘው ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ከመሄድዎ በፊት፣ ሽንኩርት የበዛበት ምግብ የበሉባቸውን ቀናት ነጥብ መለስ ብለው ይዩ።