ኑዛዜና ውርስ፦ ለቤተሰብ የሚቀረውን ንብረት በሕጉ መሠረት ስለማዘጋጀት

በአገራችን ስለ ሞት አስቀድሞ መነጋገር ሟርት ስለሚመስል፣ ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሠርቶ ልጅ ያሳደገ ሰው ንብረቱን በተመለከተ አንድ ገጽ ሳይጽፍ ያልፋል፤ ልጆቹም አርባው ሳይወጣ ጠበቃ ፍለጋ ይነሣሉ። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ሕግ ውርስ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ኑዛዜ ምን ሲያሟላ እንደሚጸናና ቤተሰቡ ከቀብር በኋላ የትኛውን መንገድ መከተል እንዳለበት ያስረዳል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ኑዛዜ ባይኖር ሕጉ ራሱ የሚያደርገው ድልድል ነው። አሁንም የሚሠራበት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟችን ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ ወራሽነት ይጠራል፤ በጋብቻ የተወለደም ይሁን ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በጉዲፈቻ የመጣም ቢሆን ድርሻው እኩል ነው። ከሟች ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእርሱ ልጆች በምትክነት ድርሻውን ይወስዳሉ። ሟች ተወላጅ ከሌለው ደግሞ አባትና እናቱ ይጠራሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በባልና በሚስት ጉዳይ ነው። ባል ወይም ሚስት በሕግ የሟች ወራሽ አይደሉም። ከሞት በኋላ በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ የሚወስደው ከጋራ ንብረት የራሱን ግማሽ ሲሆን፣ ይህም ቀድሞውኑ የእርሱ የነበረ ሀብት እንጂ ውርስ አይደለም። ለምሳሌ ዕዳ የሌለባቸው ባልና ሚስት 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የጋራ ቤትና ሦስት ልጆች ቢኖሯቸውና ባል ኑዛዜ ሳይተው ቢሞት፣ 3 ሚሊዮኑ የሚስት ነው፤ የቀረው 3 ሚሊዮን ለሦስቱ ልጆች በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ከልጆቹ አንዱ አስቀድሞ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቶ ከሆነ ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ብር ይደርሳቸዋል። ቤቱ ባል ከጋብቻ በፊት ያፈራው የግል ንብረቱ ቢሆን ግን ሚስት ከዚህ ቤት በወራሽነት የምታገኘው ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት በእንጀራ ልጆቿ ፈቃድ ላይ እንዳትወድቅ የሚፈልግ ባል ይህን በኑዛዜ ማስተካከል አለበት፤ እኔ በበኩሌ ኑዛዜ ለመጻፍ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አላውቅም።

ወደ ጽሑፉ ከመግባት በፊት የንብረት ዝርዝር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት፣ የተሽከርካሪ ሊብሬ፣ የተበደሩትና ያበደሩት ገንዘብ ሁሉ የግልና የጋራ ተብሎ ተለይቶ ይመዝገብ፤ ዕቁብ ካለም አይረሳ። የገጠር መሬትን በሚመለከት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ሲሆን፣ ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስነው የመሬት አስተዳደር ሕግ ነው። ተጠቃሚው በስም የተጠቀሰበት የሕይወት መድን ክፍያና በሞት ምክንያት ለቤተሰብ የሚሰጥ ጡረታ ደግሞ ከውርስ ሀብት ውስጥ አይቆጠሩም።

ኑዛዜ በሦስት ዓይነት መንገድ ይደረጋል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ እጅ የሚጻፍና በቃል የሚነገር። በብዛት የሚሠራበት በግልጽ የሚደረገው ነው። ይህን ኑዛዜ ተናዛዡ ወይም በእርሱ ቃል ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ሆኖም በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ካልተገለጸ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ካልፈረሙ ወይም የጣት አሻራ ካላደረጉ አይጸናም። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ።

አንዲት የማውቃቸው እናት በሠፈር ጸሐፊ ያስጻፉትን ኑዛዜ እንዳነብላቸው ሰጥተውኝ ነበር። ሁለት ገጽ ነው፤ ልጆቻቸው በስም ተዘርዝረዋል፤ አራት ምስክሮች ፈርመዋል፤ የእርሳቸውም አሻራ በሰማያዊ ቀለም በግልጽ ታትሟል። ስለ መነበቡ ግን አንዲት ቃል አልነበረበትም። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ቢገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም በክርክር ይፈርስ ነበር። በሕይወት ስለነበሩ እንደገና ተጻፈና መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል ቃል ገባበት፦ «ይህ ኑዛዜ በእኔ በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ ፈቃዴ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ከላይ በተጻፈው ቀን ሁላችንም በአንድነት ፈርመናል።» ምስክሮችም ከኑዛዜው ምንም የማያገኙ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል።

በራሱ እጅ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ሙሉውን በእጁ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገርና በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ማኖር አለበት። እንዲህ ያለው ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሽራል፤ ስለዚህ በሣጥን ውስጥ ቆልፎ መተው አደገኛ ነው። የቃል ኑዛዜ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ሲሆን ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚትና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው የሚጸናው፤ ተናዛዡ ከሦስት ወር በላይ ከቆየም ፈራሽ ነው። «ቤቱን ለእሷ ብያለሁ» የሚል የአልጋ ላይ ቃል ቤት እንደማያስተላልፍ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ በጋራ የሚያደርጉት ኑዛዜም ዋጋ የለውም፤ ምንም ያህል ቢዋደዱ ለየብቻቸው ይጻፉ። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ወላጅ መንቀሉን በግልጽ ማስፈር፣ ምክንያቱንም መጻፍ አለበት፤ የልጁን ስም በዝምታ ማለፍ አይበቃም።

ሞት ሲደርስ ቤተሰቡ በቅድሚያ በ30 ቀን ውስጥ ሞቱን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቦ የምስክር ወረቀት ይውሰድ። ቀጥሎ የልደትና የጋብቻ ማስረጃዎችን፣ ኑዛዜ ካለም ኑዛዜውን ይዞ የወራሽነት ማረጋገጫ እንዲሰጠው ለፍርድ ቤት ያመለክታል፤ በአዲስ አበባ ይህን አቤቱታ የሚያዩት የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው። ሟች ሙስሊም ከሆነና ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ማረጋገጫው ወራሽነትን ያሳያል እንጂ የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ አይለይም፤ ስምምነት ከሌለ ፍርድ ቤት የውርስ አጣሪ ይሾማል። ከውርሱ በቅድሚያ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ የማጣራቱ ወጪ፣ ቀጥሎም የሟች ዕዳ ይከፈላል። ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መያዙን ያወቀ ወራሽ መብቱን በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ በይርጋ ሊታገድ ይችላል፤ «እህቴን አልከስም» እያሉ ዓመታትን ማሳለፍ ብዙዎችን ባዶ እጅ አስቀርቷል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወራሾች በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና በመላክ ጉዳዩን ማስፈጸም ይችላሉ። ውክልናው ቤት መሸጥን የሚጨምር ከሆነ ይህ ሥልጣን በግልጽ ይጻፍ፤ ጠቅላላ ውክልና ለመሸጥ አያበቃምና። ሟች በሕይወት ሳለ የሰጠው ውክልና ደግሞ በሞቱ ያበቃል፤ ስለዚህ «የአባባ ውክልና በእጄ ነው» ብሎ ከቀብር በኋላ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት ወይም ቤት ማስተላለፍ ሕጋዊ መሠረት የለውም፤ ወኪሉ የነበረው ልጅም እንደ ሌሎቹ ሁሉ የወራሽነት ማረጋገጫውን ይዞ ይቅረብ።